አመዱ የማን ነው?

በማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ ቀን ለቀድሞ ተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ንግግር



የማኅበሩ ጸሐፊ ደውሎ «ሃያ ደቂቃ አለህ፤ ስለ ሙያህ አንድ ነገር አካፍለን» ሲለኝ፣ ወዲያው የላክሁለት ርዕስ «የእርሻ ተረፈ ምርት አመድን በሲሚንቶ ነክ የግንባታ ዕቃዎች ውስጥ መልሶ ስለመጠቀም» የሚል ነበር። ረጅም ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ይመስላል። ቢመስልም አይገርምም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለነው የሲቪል ምሕንድስና ልጆች መካከል ስንቱ ነው በአመድ የተመረቀው! (ሳቅ) የሸንኮራ አገዳ አመድ፣ የቡና ገለባ አመድ፣ የጤፍ ጭድ አመድ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ አመድ፣ የሰጋቱራ አመድ። እኔም ከነዚሁ አንዱ ነኝ፤ የኔ የሸንኮራ አገዳ ነበር።

ሲያድር ግን ርዕሱን አሳጠርኩት፦ አመዱ የማን ነው? ለምን እንዳሳጠርኩት ልንገራችሁ። ነገሩ የሚጀምረው አገሬ ዘመሮ ላይ፣ እኔ ራሴ ካበላሸሁት አንድ ወለል ነው።

ዘመሮን ለማታውቁ፣ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ያለች የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ ናት። ደጋ ናት፤ ብርዷ አጥንት ይገባል። እንጨት ብርቅ ስለሆነ ምድጃችን በአብዛኛው የሚነደው በኩበት ነው። ቤታችን የድንጋይ ነው፤ በጭቃ የተያያዘ ግንብ፣ ከላይ ድሮ የጓሳ ሣር ዛሬ ቆርቆሮ፣ ከውስጥ ጭድ ገብቶበት በተቦካ ጭቃ የተለሰነ። ሲሚንቶ እንደ ልብ የሚበተን ነገር አይደለም። ዳገቱን በመኪና ወጥቶ እስኪመጣ ድረስ የመንገዱም ዋጋ ይታከልበታልና ሰው የሚገዛው ለወለል፣ ለበረንዳ፣ ለምንጭ ማጎልበቻ ቆጥቦ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ፈቃድ ወስጄ አገር ቤት ገባሁ። ጊዜውን ታስታውሱታላችሁ። ሲሚንቶ ጠፍቶ፣ የተገኘውም በወረፋና በውድ ዋጋ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ እኔን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉኝ ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ልጃቸው ከዓረብ አገር በላከችላቸው ገንዘብ በስንት መከራ ስድስት ከረጢት ሲሚንቶ ገዝተው ቤታቸውን ሊሾ ሊያስደርጉ ተዘጋጅተዋል። ግንበኛው መጣ፣ ለካ፣ «ለክፍሉ ይበቃል፤ ለበረንዳው ግን አይደርስም» አላቸው። እትዬ ፊታቸው ሲወድቅ አየሁ።

«እኔ አደርሰዋለሁ» አልኩ። ማን ጠየቀኝ?

እንግዲህ በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ይህ ነው፤ አመድ ሲሚንቶን በከፊል ይተካል። ይህን ጽፌ ተመርቄያለሁ፤ ፈታኞቼም አጽድቀውልኛል። ዘመሮ ውስጥ ደግሞ አመድ ሞልቷል። እትዬ ከጓሯቸው ጥግ፣ ከዝናብ በተጠለለ ቦታ፣ ያጠራቀሙት የኩበት አመድ ነበር። «እትዬ፣ ይህን ስጡኝ» አልኳቸው። ትንሽ አመነቱ። «ለነጭ ሽንኩርቱ ነበር ያስቀመጥኩት» አሉ። ወዲያው ግን «አንተ ካልክ ይሁን፤ የተማርከው አንተ ነህ» አሉና ሰጡኝ።

በወንፊት ነፋሁት። ለሦስት እጅ ሲሚንቶ አንድ እጅ አመድ ብዬ አዘዝኩ። ግንበኛው፣ ዕድሜያቸው ከአባቴ የሚበልጥ ጋሼ፣ አንዴ ሲሚንቶውን አንዴ እኔን እያዩ አቦኩት። ውሃ ጨመሩ፤ አልበቃም። ደግመው ጨመሩ። «ኧረ ይሄ ነገር ውሃ ጠማው!» አሉ። እኔም «ጨምሩለት» አልኩ። ወለሉም በረንዳውም ተሠራ። ሦስተኛው ቀን ላይ ፈቃዴ አልቆ ተመለስኩ። ሌሊቱ የጥቅምት ውርጭ ነበር።

ለገና ስመለስ እትዬ በር ላይ ቆመው መጥረጊያ ይዘዋል። ሰላምታ ተለዋወጥን። ከዚያ ወለሉን ጠረግ አደረጉና አቧራውን አሳዩኝ። ገና ትናንት ነው የጠረጉት። ሊሾው በየቀኑ ዱቄት እየሆነ ይነሳል፤ በረንዳው ላይ ደግሞ እንደ ጨው ያለ ነጭ ነገር ወጥቶበታል። «ጠርጌ ጠርጌ ወለሉ ሊያልቅብኝ ነው» አሉ፤ እየሳቁ ነበር። ቀጥለውም ያሉትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፦ «ልጄ፣ አመድ ሰጠሁህ፤ አመድ መለስክልኝ።»

በቋንቋችን ደግ ሠርቶ ምላሽ ያላገኘ ሰው «እጄ አመድ አፋሽ» ይላል። እኔ ግን ሴትዮዋን ነው አመድ አፋሽ ያደረግኋቸው። ስድስት ከረጢት ሲሚንቶ፣ የልጃቸው ላብ፣ በኔ ዲግሪ ዱቄት ሆነ።

አመዱን በፌስታል ቋጥሬ፣ ከወለሉም ሽራፊ ይዤ፣ አንድ የማቴሪያል ላቦራቶሪ ውስጥ ለረጅም ዓመታት የሠሩ ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። አመዱን በጣታቸው አሹት፤ ጣታቸው ጠቆረ። «ሲሚንቶው ምን ዓይነት ነበር?» አሉኝ።

«ፒፒሲ።»

«ታዲያ ኖራውን ማን ሊሰጥህ ነው?»

ይህን ጥያቄ የማቴሪያል መምህራኖቻችን ወዲያው ይረዱታል። ለሌሎቻችን፣ በተለይ ከሕክምናና ከሕግ ለመጣችሁ፣ በአጭሩ ላስረዳ።

ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ሁለት ነገር ይወልዳል። አንደኛው ጠንካራው ሙጫ ነው፤ አሸዋና ጠጠሩን አንድ ላይ ጨብጦ የሚይዘው እሱ ነው። ሁለተኛው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በእኛ አነጋገር ኖራ ነው፤ ለጥንካሬ ብዙም አይረዳም። ፖዞላና የምንለው ቁስ ሥራው ይህን ሥራ ፈት ኖራ ይዞ ሌላ ሙጫ ማድረግ ነው። ስሙ የመጣው ኔፕልስ አጠገብ ካለችው ፖዙዎሊ ከምትባል ከተማ ነው፤ ሮማውያን በዚያ አካባቢ የሚገኘውን የእሳተ ገሞራ አመድ ከኖራ ጋር አዋህደው ይገነቡ ነበር። ሮም ያለው የፓንቴዮን ጉልላት ወርዱ 43 ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ዘንግ ፌሮ የለበትም፤ ወደ 1,900 ዓመት ቆሟል። ስለዚህ አመድ ያጠነክራል የሚለው ነገር ተረት አይደለም። እውነት ነው። ጥያቄው የትኛው አመድ፣ ከምን ጋር፣ በምን አየር የሚለው ነው።

የኔ ስህተቶች አራት ነበሩ።

አንደኛው ባለሙያው የጠየቁኝ ነው። ገበያችን ላይ ያለው ፒፒሲ ራሱ ፖዞላና ተቀላቅሎበት የተፈጨ ነው። የእኛ አገር ፋብሪካዎች ፑሚስ የሚባለውን ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይጠቀማሉ። በተለመደው የሲሚንቶ ምደባ አንዱ የፖዞላና ሲሚንቶ ዓይነት ከ21 እስከ 35 በመቶ ፖዞላና ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ከሲሚንቶው የሚወጣው ኖራ ከመጀመሪያውም ባለቤት አለው፤ ፑሚሱ ይጠብቀዋል። እኔ በዚያ ላይ ሩብ አመድ ስጨምር ሲሚንቶውን አቀጠንኩት እንጂ አልረዳሁትም። በጥናት ወረቀታችን ላይ የጻፍነው «10 በመቶ» በአብዛኛው ከኦፒሲ ጋር የተሞከረ ነው። ወረቀቱ ላይ ጽፈነዋል፤ ጣቢያ ላይ ስንወጣ እንረሳዋለን።

ሁለተኛው ራሱ አመዱ ነው። በሲሚንቶ ውስጥ የሚሠራው ሲሊካ ነው፤ ያውም ክሪስታል ያልሆነው። አሸዋም ሲሊካ ነው፤ ግን ክሪስታል ስለሆነ ዝም ብሎ ይቀመጣል። የእርሻ ተረፈ ምርት በልክ ሲቃጠል፣ ለምሳሌ የሩዝ ቅርፊት ከ500 እስከ 700 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውስጥ፣ ሲሊካው ንቁ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በላይ ለረጅም ጊዜ ከጋለ ወደ ክሪስታል ይለወጣል። ከዚያ በታች ከተዳፈነ ደግሞ ያልነደደ ካርቦን ይቀርበታል። የባለሙያውን ጣት ያጠቆረው፣ የጋሼን ውሃ የጠጣውም ያ ካርቦን ነው። ውሃ በጨመርን ቁጥር ደግሞ ጥንካሬው ይወርዳል። ኩበት ከሜዳ የሚለቀም ስለሆነ አፈርና አሸዋ ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ላቦራቶሪው «ሲሊካ አለው» ቢለን እንኳ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ የሜዳው አፈር እንደሆነ መጠየቅ አለብን። በአሜሪካው ኤኤስቲኤም ሲ 618 መስፈርት፣ የሲሊካ፣ የአሉሚናና የብረት ኦክሳይድ ድምር 70 በመቶ መድረሱን ብቻ አይተን «ፖዞላና ነው» ብለን የምንደመድም ስንት ነን? ያ መስፈርት እኮ የተጻፈው ለድንጋይ ከሰል አመድና ለተፈጥሮ ፖዞላና ነው፤ ለምድጃ አመድ አልነበረም።

ሦስተኛው ፖታሲየም ነው። ጭድም ኩበትም ፖታሲየም አላቸው፤ ጭድ ክሎራይድም ሊኖረው ይችላል። በረንዳው ላይ የወጣው ነጭ ጨው የዚህ ምልክት ነው። ይህ ለወለል ቁመና ነው፤ ለአርማታ ግን የባሰ ነው። አልካሊው ከአንዳንድ ጠጠር ጋር ተዋህዶ ከዓመታት በኋላ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቃል፤ ክሎራይዱ ደግሞ ፌሮውን ያዝገዋል። ይህ ጉዳት በ28 ቀን አይታይም።

አራተኛው ብርዱ ነው። ሲሚንቶ በብርድ ቀስ ብሎ ይጠነክራል፤ ፖዞላና ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። ላቦራቶሪ ውስጥ ኩቦቻችን 20 ዲግሪ በሚሆን ውሃ ገንዳ ውስጥ 28 ቀን ተንፈላስሰው ይተኛሉ። የእትዬ ወለል የመንዝ ውርጭ ሌሊት ሌሊት እየመታው፣ ቀን ቀን ፀሐይና ነፋስ እያደረቀው፣ ውሃ የሚያጠጣው ሰው ሳያገኝ ነው ያደገው። እኔ በሦስተኛው ቀን ትቼው ሄድኩ። ይህ የሳይንስ ጥፋት አይደለም፤ የኔ ጥፋት ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው ቴክኒክ ነው፤ ሊታረም ይችላል። አመዱን በልኩ አቃጥሉት፣ እጠቡት፣ ፍጩት፣ በኦፒሲ አድርጉት፣ በእርጥብ ጆንያ አልብሱት፤ ምናልባት ይሠራል። የኔን ርዕስ የቀየረው ግን ይህ አይደለም። የቀየረው እትዬ ያሉት ሌላ ነገር ነው፦ «ለነጭ ሽንኩርቱ ነበር ያስቀመጥኩት።»

አስቡት። መንዝ ውስጥ እንጨት ስለጠፋ እበት ማሳ ላይ መዋል ሲገባው ምድጃ ውስጥ ይነዳል። ያኔ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። በአመዱ ውስጥ የሚተርፈው ፖታሲየምና ፎስፎረስ ነው፤ ለመሬቱ የቀረችው የመጨረሻ ድርሻ እሷ ናት። እትዬ ይህን በኬሚስትሪ አይገልጹትም፤ ግን አመዱን ወደ ጓሮ ይመልሱታል። በሲሚንቶ ውስጥ ጠንቅ የሆነብኝ ፖታሲየም በነጭ ሽንኩርቱ ሥር በረከት ነው። እኔ ከትክክለኛ ቦታው አንስቼ ጠንቅ ወደሚሆንበት ቦታ ወሰድኩት፤ ያንንም «ተረፈ ምርትን መልሶ መጠቀም» ብዬ ጠራሁት። እሳቸው እኮ ከኔ በፊት መልሰው ሲጠቀሙበት ነበር!

ስለ ጭዱም ልናገር። ወረቀቶቻችን «በየዓመቱ በብዙ ሺህ ቶን የሚባክን ጭድ» ብለው ይጀምራሉ። ዘመሮ መጥታችሁ የሚባክን ጭድ አሳዩኝ። የገብስና የስንዴ ጭዳችን የበግ ቀለብ ነው፤ መንዝ ደግሞ የበግ አገር ነው። የተረፈው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ልስን ይሆናል። ሒሳቡን እንሥራው። የገብስ ወይም የስንዴ ጭድ ሲቃጠል በአብዛኛው ከክብደቱ 10 በመቶ እንኳ አመድ ሆኖ አይቀርም። ከአንድ ኩንታል ሲሚንቶ 10 በመቶውን፣ ማለትም 10 ኪሎውን፣ በአመድ ልተካ ካልኩ ቢያንስ አንድ ኩንታል ጭድ ማቃጠል አለብኝ። አንዲት በግ በቀን አንድ ኪሎ ትበላለች ብንል እንኳ ያ ጭድ ከሦስት ወር በላይ ያኖራታል። አሁን ለአንድ የመንዝ ገበሬ «አሥር ኪሎ ሲሚንቶ ላትርፍልህና የበግህን የሦስት ወር ቀለብ ላቃጥለው» በሉት። መልሱን ለራሳችሁ ተዉት።

እኛ መንዞች ይህን ነገር ማወቅ ነበረብን። የጓሳን ጥብቅ ሥፍራ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ አባቶቻችን ቀሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁት የኖሩት ነው። ለውጭ ሰው ጓሳ ዝም ብሎ የበቀለ ሣር ነው፤ ማንም የሚያጭደው ይመስላል። በሥርዓቱ ግን ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈትም ማን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደሚያጭድ የታወቀ ነው። ሣሩ ባለቤት ነበረው፤ ባለቤቱን ያላየው የውጭ ሰው ብቻ ነው። አመዱም እንደዚያው ነው። ባለቤቱን ማየት ያቃተኝ ደግሞ የውጭ ሰው አልነበርኩም፤ ተምሬ የተመለስኩት ልጃቸው ነኝ።

ታዲያ በአመድ ላይ የሠራነው ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ ነው? አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ባለቤት የሌለው አመድ አለ፤ ሄደን ማንሳት ያለብን እሱን ነው።

የስኳር ፋብሪካን ተመልከቱ። ወንጂ በ1954 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ አገዳ ይጨመቃል፤ ባጋስ የሚባለው ገለባ ተመልሶ ቦይለር ውስጥ ይነዳል፤ አመዱ ይከመራል። መተሐራም፣ ፊንጫም፣ በኛው ክልል ጣና በለስም እንዲሁ። ይህን አመድ ከየጓሮው በቁና መሰብሰብ አያስፈልግም፤ ራሱ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ይጠብቃል። ሲነድም ጉልበት ሰጥቶ ነው፤ ለኛ ብሎ ሌላ ነዳጅ አላቃጠለም። በ2012 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ መሐንዲሶችና አርክቴክቶች መጽሔት በሆነው በ«ዜዴ» ላይ ብሩክ ኃይሉና አበበ ድንቁ ያሳተሙት ጥናት የወንጂን ባጋስ አመድ ፈጭቶ ሞክሯል። በ5፣ በ15 እና በ25 በመቶ ተክቶ ኮንክሪት ሠርቶ ነው የመዘነው። ድምዳሜው፣ እስከ 10 በመቶ ድረስ ሲተካ ኮንክሪቱ ካልተተካበት ጋር የሚስተካከል ወይም የሚሻል ባሕርይ ያሳያል የሚል ነው። የኔን ጨምሮ ከዚያ በኋላ ስንት ጽሑፍ ይህንኑ ደግሟል! ከላቦራቶሪ ወጥቶ ወደ ሲሚንቶ ወፍጮ የሚያደርሰው ሰው ነው የጠፋው።

ሁለተኛው ፎገራ ነው። ሩዝ ሲፈለፈል ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ ቅርፊት ነው፤ ቅርፊቱ ሲቃጠል ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ አመድ ይሆናል። ከአንድ ቶን ሩዝ 40 ኪሎ ገደማ አመድ ማለት ነው። በልኩ ከነደደ ደግሞ ከ85 በመቶ በላይ ሲሊካ ነው። ቅርፊቱ እንደ ጭዱ የከብት ቀለብ አይሆንም፤ ደረቅና ሲሊካ የበዛበት ስለሆነ ከብት የሚያተርፍበት ነገር የለውም። ከመፈልፈያው ደጅ ተከምሮም ይገኛል። በርክሊ ያስተማሩት ሕንዳዊው ሊቅ ፖቪንዳር ኩማር ሜታ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሩዝ ቅርፊት አመድን በኮንክሪት ውስጥ አጥንተዋል፤ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕንድ የኮንክሪት ደንብም ይህን አመድ በስሙ ጠርቶ አካትቶታል።

ነገሩ ለምን ያስቸኩለናል? ሲሚንቶ ሲሠራ የኖራ ድንጋይ እስከ 1,450 ዲግሪ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ያልፋል። ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ከክብደቱ 44 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይበናል፤ የነዳጁ ጭስ ለብቻው ነው። የዓለም የሲሚንቶ ኢንዱስትሪ ከሰው ልጅ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ ያህሉን ይዟል። በኛው ዞን፣ በሰሜን ሸዋ፣ የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የምንገነባው ገና ብዙ ነው። በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ አሥር ኪሎ መቀነስ በእትዬ በረንዳ ላይ አመድ እንጂ ሌላ አልሆነም፤ በፋብሪካ ወፍጮ ግን ተራራ የሚያህል ነገር ነው። ወፍጮው ያለው፣ ሚዛኑ ያለው፣ ላቦራቶሪው ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ አመድ ወደ ሲሚንቶ መግባት ካለበት በፋብሪካ በር ይግባ፤ በግንበኛ አካፋ አይግባ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ፤ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው ለመምህራኖቻችን ነው። ተማሪ የአመድ ርዕስ ይዞ ሲመጣ ከኬሚካል ሠንጠረዡ በፊት አንድ ገጽ አስጽፉት። ይህ ነገር ዛሬ በማን እጅ ነው? ለምን ይውላል? ምን ያህል፣ በስንት ኪሎ ሜትር ውስጥ ይሰበሰባል? ማን፣ በምን ምድጃ ያቃጥለዋል? ይህን ያልመለሰ ተማሪ ገና ኩብ አይሙላ። እኔን ይህን ያስጻፈኝ ቢኖር ኖሮ እትዬ ዛሬ በረንዳቸው ላይ ቡና ያፈሉ ነበር።

ሁለተኛው በየፋብሪካው ላላችሁ ጓደኞቼ ነው። እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ በስኳር የሚሠራ አለ፤ በሲሚንቶ የሚሠራ አለ፤ በትራንስፖርት ያለም አይጠፋም። ምሳ ላይ ተፈላለጉ። የአንዱ ቆሻሻ የሌላው ጥሬ ዕቃ መሆኑን ለማወቅ ሌላ የመመረቂያ ጽሑፍ አያስፈልገንም።

ሦስተኛው ለማኅበራችን ነው፤ ይህን በተለይ አስቡበት። ኩቦቻችንን በ7 ቀንና በ28 ቀን እንሰብራለን፤ ከዚያ እንመረቃለን፤ እንሄዳለን። ፖዞላና ግን ቀስ ብሎ የሚሠራ ነው፤ ጥቅሙም ጉዳቱም ከዓመታት በኋላ ነው የሚታየው። የአልካሊ ስንጥቅ ለምረቃ አይደርስም። እኛ ደግሞ በየዓመቱ የምንገናኝ ሰዎች ነን! ስለዚህ በአመድ የሚመረቅ ተማሪ ሁሉ ትርፍ ኩቦች ይሙላና ለማኅበሩ ያስረክብ። ግማሹ በውሃ፣ ግማሹ በግቢው አጥር ሥር በፀሐይና በዝናብ ይቀመጥ። በየመገናኛ ቀናችን፣ ከፎቶው በፊት፣ የአንድ ዓመት፣ የአምስት ዓመት፣ የአሥር ዓመት ኩብ እንስበር። ውጤቱንም በዚሁ የዓመት መጽሐፍ ላይ፣ ከልደትና ከሠርግ ዜናው ጎን እናትመው። ወጪው የጥቂት ከረጢት ሲሚንቶ ነው። የመጀመሪያዎቹን እኔ እገዛለሁ፤ ዕዳ አለብኝ።

ዕዳዬን ጠቀስኩ፤ የእትዬን ወለል ነገር ጨርሼ ልውረድ።

በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ስድስት ከረጢት ገዝቼ ወጣሁ። ጋሼ ሲያዩኝ መጀመሪያ ያሉት «አመድ ይዘሃል?» ነው። (ሳቅ) አልያዝኩም። አሸዋውን አጠብነው። ውሃውን በጣሳ እየለካን ጨመርን፤ ጋሼ «ደረቀ» ሲሉኝ «ይድረቅ፤ ጠቅጥቁት» አልኳቸው። ከሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ስለደረደርን ሊሾው ስስ ሆኖ በቃ። ሲያልቅም በእርጥብ ጆንያ ሸፍነን ከላይ ጭድ ነሰነስንበት፤ ብርዱንም ፀሐዩንም እንዲከላከልለት። ሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣሁት፤ በዚህ ጊዜ ትቼ አልሄድኩም። ሲሚንቶው ለክፍሉ በቃ፤ ለበረንዳው ግን ግንበኛው ድሮም እንዳሉት አልደረሰም። በረንዳው እስካሁን ድንጋይ ንጣፍ ነው።

ጆንያውን ባነሳን ቀን እትዬ ወለሉን ጠረጉ። መጥረጊያው ላይ ምንም አልወጣም። ከላይ የነሰነስነውን ጭድ ሰብስበው አራግፈው ለበጎቹ ሰጡት። ከዚያ ወደ ምድጃቸው ሄደው የጠዋቱን አመድ በቁና አፍሰው፣ ወደ ጓሮ ሲያልፉ በኔ በኩል ቆም አሉ።

«ይህን ትፈልገዋለህ?» አሉኝ።

«አይ እትዬ» አልኳቸው። «የነጭ ሽንኩርቱ ነው።»